አንድ የውጭ ቃል፣ ሦስት ጽንሰ ሐሳብ፦ የፕሮግራም ቋንቋ፣ የመረጃ ቋትና የማሽን መማር ስያሜዎች

1. መግቢያ

አንድ ሙያዊ ቃል ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ይህን ቃል በአማርኛ ምን እንበለው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት መቅደም የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ቃሉ በዚህ ቦታ የቆመው ለየትኛው ጽንሰ ሐሳብ ነው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመለስ የመጀመሪያው ከተመለሰ የሚገኘው ጽሑፍ በመልኩ አማርኛ፣ በይዘቱ ግን ለአንባቢው የማይፈታ ይሆናል።

ይህን ችግር ጎላ አድርጎ የሚያሳይ አንድ የምርምር መስክ አለ። የፕሮግራም ቋንቋ ተመራማሪዎች፣ የመረጃ ቋት ተመራማሪዎችና የማሽን መማር ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት በየፊናቸው ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ሥራቸው እየተገናኘ መጥቷል። እያንዳንዱ ወገን ወደ መገናኛው የመጣው የራሱን ቃላት ይዞ ነው። ከቃላቱም ብዙዎቹ በፊደል አንድ፣ በፍቺ ግን የተለያዩ ናቸው። የመስኩ ሰዎች ከአገባቡ እየተረዱ ይግባባሉ፤ ተርጓሚው ግን አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በሁሉም ቦታ በአንድ የአማርኛ ቃል ቢተካ አንባቢውን ያሳስታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመስኩን ዋና ዋና ጽንሰ ሐሳቦች ለቋንቋ ባለሙያዎች በሚገባ መጠን ማስረዳት፣ ከዚያም ስያሜዎቹ በምን መሠረት ሊመረጡ እንደሚገባ ማመልከት ነው።

2. «የማሽን መማር» ስለሚለው ስያሜ

ስያሜው በሰፊው የታወቀው አርተር ሳሙኤል የተባለው የአይ ቢ ኤም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ዳማ ስለሚጫወት ፕሮግራም ባሳተመው ጽሑፍ ነው። የሳሙኤል ፕሮግራም ከተጫወታቸው ጨዋታዎች እየተነሣ የአጨዋወት ስሌቱን ራሱ ያስተካክል ነበር። የጽንሰ ሐሳቡ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ሰው ደንቡን አንድ በአንድ ጽፎ ለኮምፒዩተሩ ከመስጠት ይልቅ ብዙ ምሳሌ ያቀርብለታል፤ ፕሮግራሙም ከምሳሌዎቹ ተነሥቶ ደንቡን የሚተኩ ቁጥሮችን ያበጃል።

በአማርኛ «የመኪና ትምህርት» ብንለው ሰሚው መሪ መያዝ የሚማርን ሰው ያስባል። «መኪና» የሚለው ውሰት ቃል በአንድ ወቅት ለማናቸውም መሣሪያ ይነገር እንደነበረ «የጽሕፈት መኪና» እና «የስፌት መኪና» የተሰኙት ስያሜዎች ይመሰክራሉ፤ ዛሬ ግን ቃሉ ብቻውን ሲነገር ተሽከርካሪን እንጂ ሌላን አያመለክትም። «የማሽን ትምህርት» ብንለውም ችግሩ አይወገድም። «የሒሳብ ትምህርት» ስለ ሒሳብ የሚሰጥ ትምህርት እንደ ሆነ ሁሉ «የማሽን ትምህርት»ም ስለ ማሽን የሚሰጥ ትምህርት ይመስላል። ይህን ግርታ የሚያስወግደው ንዑስ አንቀጹ ነው። «የማሽን መማር» በተባለ ጊዜ የመማሩ ባለቤት ማሽኑ መሆኑ ይታወቃል። ምሳሌ እየደጋገሙ ለፕሮግራሙ የማቅረቡን ሥራ ደግሞ «ማሠልጠን» ማለት ይስማማል፤ ሥልጠና በአማርኛ ድግግሞሽንና ልምምድን ያዘለ ነውና።

3. ሠንጠረዥና ተዛምዶ

የመረጃ ቋት ምርምር ዛሬ የቆመበትን መሠረት የጣለው በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ በሚገኘው የአይ ቢ ኤም ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ ሲሆን፣ ጽሑፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1970 ነው። ኮድ ሊፈታው የተነሣውን ችግር የመዝገበ ቃላት ሰው በቀላሉ ይረዳዋል።

በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት እና በ1962 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላትን የደረደሩት በአበገደ ተራ ነው። ሀለሐመን ብቻ የለመደ አንባቢ ከነዚህ መጻሕፍት አንድ ቃል ለማግኘት መጀመሪያ የአደራደሩን ሥርዓት መማር አለበት። መጽሐፉ ነገ በሌላ ተራ ቢታተም የለመደው የፍለጋ መንገድ ከንቱ ይሆናል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበሩት የመረጃ ማከማቻዎችም እንዲሁ ነበሩ። ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው መረጃው በምን ተራ እንደተቀመጠ፣ በየትኛው ማውጫና በየትኛው መንገድ እንደሚገኝ አውቆ መጻፍ ነበረበት፤ አቀማመጡ ሲለወጥም ፕሮግራሙ ይሰናከል ነበር።

ኮድ ያቀረበው መፍትሔ መረጃን ሁሉ በሠንጠረዥ መልክ መመልከት፣ ጠያቂውም «ምን» እንደሚፈልግ ብቻ እንዲናገር፣ «እንዴት» እንደሚገኝ የመወሰኑ ሥራ ግን ለመረጃ ቋቱ እንዲተው ማድረግ ነው። በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረቡት የመጠየቂያ ቋንቋ ከጊዜ በኋላ ኤስ ኪው ኤል የተሰኘው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የስያሜ ወጥመድ አለ። ኮድ የሥርዓቱን ስም የወሰደው «ተዛምዶ» ከሚለው የሒሳብ ቃል ነው። በስብስብ ጥናት ተዛምዶ ማለት በተራ የተሰደሩ ነገሮች ስብስብ፣ በቀላል አነጋገር የሠንጠረዥ መስመሮች ስብስብ ነው። ስለዚህ ተዛምዶው ሠንጠረዡ ራሱ ነው እንጂ በሠንጠረዦች መካከል ያለ ግንኙነት አይደለም። «ተዛማጅ የመረጃ ቋት» የሚለውን አተረጓጎም የሚያነብ ሰው ሠንጠረዦቹ እርስ በርሳቸው ስለሚዛመዱ ስሙ የወጣ ይመስለዋል፤ በእንግሊዝኛም ቢሆን ይህ ስሕተት የተለመደ ነው። አማርኛው የሌላውን ስሕተት የመውረስ ግዴታ የለበትም። «ሠንጠረዣዊ የመረጃ ቋት» ቢባል ጽንሰ ሐሳቡን ይገልጻል፤ አያሳስትምም።

4. ተርጓሚና አስተርጓሚ

በፕሮግራም ቋንቋ ጥናት «ኮምፓይለር» እና «ኢንተርፕሪተር» የሚባሉ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች አሉ። ሁለቱም ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ወደሚያስኬደው ሥራ የሚመልሱ ሲሆኑ፣ ልዩነታቸው በአሠራራቸው ላይ ነው። የመጀመሪያው ፕሮግራሙን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ አስቀድሞ ተርጉሞ ያስቀምጣል፤ ሥራው የሚጀመረው ትርጉሙ ካለቀ በኋላ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በደረሰበት እየተረጎመ ወዲያውኑ ያስፈጽማል።

የመጀመሪያው ቃል ቀጥተኛ ፍቺ «አጠናቃሪ» ነው፤ ለስያሜው ታሪካዊ ምክንያት አለው። ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1952 የሠራችው ፕሮግራም ተግባሩ ቀደም ብለው የተጻፉ ንዑሳን ፕሮግራሞችን ከተከማቹበት እየለቀመ ማሰባሰብ ነበር፤ ስለዚህ አጠናቃሪ መባሉ ትክክል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሥራው ከመልቀም ወደ መተርጎም ተለወጠ፤ ስሙ ብቻ ባለበት ቀረ። እኛ ዛሬ «አጠናቃሪ» ብንል የምንተረጉመው በሌላው ቋንቋ ውስጥ እንኳ የሞተውን ፍቺ ነው።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጀ ሀብት አለው። ተርጓሚ መጽሐፍ ይዞ ለብቻው ተቀምጦ ሙሉውን ሥራ አጠናቆ የሚያስረክብ ነው። አስተርጓሚ በሁለት ተነጋጋሪዎች መካከል ቆሞ፣ የተነገረውን ዓረፍተ ነገር እዚያው የሚመልስ ነው። «አስ» የሚለው ምዕላድ በደንቡ ማስደረግን የሚያመለክት ቢሆንም፣ ልማድ ቃሉን ለዚህ ሙያ ለይቶታል። ስለዚህ «ተርጓሚ» እና «አስተርጓሚ» የተባሉት ሁለት ነባር ቃላት የቴክኒኩን ልዩነት ልክ እንደ ቁመቱ ይይዙታል።

ልዩነቱ ለማሽን መማር ትልቅ ጉዳይ ሆኖ መገኘቱን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ለሕዝብ የለቀቀው ቴንሰርፍሎው በመጀመሪያው ዘመኑ በተርጓሚ ሥርዓት ይሠራ ነበር፤ ተመራማሪው የስሌቱን ሙሉ ንድፍ አስቀድሞ ያቀርባል፣ ከዚያ በኋላ ንድፉ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከፌስቡክ ተመራማሪዎች የቀረበው ፓይቶርች ደግሞ የአስተርጓሚን ሥርዓት መረጠ፤ እያንዳንዱ መስመር በተጻፈበት ተራ ወዲያው ይፈጸማል። ተርጓሚ ሙሉውን ስለሚያይ ሥራን አቀናጅቶ ማፋጠን ይችላል፤ አስተርጓሚ ደግሞ ስሕተትን በተፈጠረበት ቦታ ያሳያል። ተመራማሪዎች ሁለቱንም ጥቅም ስለፈለጉ ቴንሰርፍሎው እ.ኤ.አ. በ2019 በሁለተኛው እትሙ አስተርጓሚነትን መደበኛ አሠራሩ ሲያደርግ፣ ፓይቶርች እ.ኤ.አ. በ2023 በሁለተኛው እትሙ የተርጓሚነትን አሠራር አከለ። ይህን የአሥር ዓመት ያህል ክርክር በአማርኛ ለመተረክ ሁለቱ ቃላት ተለይተው መገኘት አለባቸው፤ ሁለቱንም «ተርጓሚ» የሚል ጽሑፍ ታሪኩን ሊናገር አይችልም።

5. ሦስቱ ዘርፎች የተገናኙበት ስፍራ

ሀ) ፕሮግራምን ወደ ኋላ ማስላት። ሞዴልን ማሠልጠን ማለት በውስጡ ያሉትን ቁጥሮች ስሕተቱ በሚቀንስበት አቅጣጫ ጥቂት በጥቂት ማንቀሳቀስ ነው። በጉም ውስጥ ከተራራ የሚወርድ ሰው ሸለቆውን ባያይም በእግሩ ሥር ያለው መሬት ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ እየለየ ይወርዳል፤ ስለዚህ ዘዴውን «ቁልቁለት መውረድ» ብንለው ያስኬዳል። የቁልቁለቱን አቅጣጫ ለማወቅ ግን እያንዳንዱ ቁጥር ቢነቀነቅ ስሕተቱ በምን ያህል እንደሚለወጥ፣ ማለትም የለውጥ ምጣኔውን ማስላት ያሻል።

ሴፖ ሊናይንማ እ.ኤ.አ. በ1970 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የማስተርስ ጽሑፍ ለዚህ የሚሆን ብልሃት አመለከተ። ማናቸውም ስሌት የትንንሽ እርምጃዎች ሰንሰለት ነው፤ የእያንዳንዱ እርምጃ የለውጥ ምጣኔ ይታወቃል፤ ስለዚህ ከውጤቱ ተነሥቶ ወደ መነሻው በየእርምጃው ምጣኔዎቹን እያባዙና እየደመሩ ቢመለሱ የሁሉም ቁጥሮች የለውጥ ምጣኔ በአንድ ጉዞ ይገኛል። ሩመልሃርት፣ ሂንተንና ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን የመሰለ የኋልዮሽ ስሌት የነርቭ መረቦችን ለማሠልጠን እንደሚያገለግል ካሳዩ በኋላ ዘዴው ተስፋፋ። ለፕሮግራም ቋንቋ ተመራማሪው የነገሩ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፦ አንድን ፕሮግራም ተቀብሎ የለውጥ ምጣኔውን የሚያሰላ ሌላ ፕሮግራም መስጠት የተርጓሚ ሥራ ነው። ስለዚህ «አውቶማቲክ የለውጥ ስሌት» የሒሳብ ብቻ ሳይሆን የፕሮግራም ቋንቋም ርእስ ሆነ።

ለ) ሠንጠረዥን ሳያጣምሩ መማር። አንድ የመዝገበ ቃላት ክፍል ከ200 መጻሕፍት የተቀዱ 100,000 የጥቅስ ካርዶች አሉት እንበል። በአንዱ ሠንጠረዥ ካርዶቹ፣ በሌላው የመጻሕፍቱ 10 ዝርዝሮች፣ ማለትም ደራሲ፣ ዘመን፣ የኅትመት ቦታና የመሳሰሉት ተመዝግበዋል። የማሽን መማር ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ስለሚፈልግ ሁለቱ ይጣመራሉ፤ በዚህም የየመጽሐፉ ዝርዝር በየካርዱ ላይ እየተደገመ 2,000 የነበረው የዝርዝር ብዛት 1,000,000 ይሆናል። ኩማር፣ ናውተንና ፓቴል እ.ኤ.አ. በ2015 ባቀረቡት ጥናት፣ ለአንዳንድ የሞዴል ዓይነቶች የየመጽሐፉን ድርሻ አንድ ጊዜ ብቻ አስልቶ ለካርዶቹ ሁሉ በመጠቀም፣ ድግግሞሹን አስወግዶ ያንኑ ውጤት ማግኘት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ሐ) የተራ ጉዳይ። እ.ኤ.አ. በ2012 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ቢስማርክ የተባለ ሥርዓት አንድ ጠቃሚ ተመሳስሎ አመለከተ። የመረጃ ቋት ድምርን ወይም አማካይን ለማውጣት መስመሮቹን አንድ በአንድ ይጎበኛል፤ ቁልቁለት የመውረድ ዘዴም እንዲሁ አንድ በአንድ እየጎበኘ የሞዴሉን ቁጥሮች ያርማል። ስለዚህ ነባሩ የመረጃ ቋት ማሽን ለማሠልጠንም ያገለግላል። ነገር ግን አንድ ልዩነት ተገኘ። ድምር በየትኛውም ተራ ቢሠራ ያው ነው፤ ሥልጠና ግን ተመሳሳይ ምሳሌዎች በአንድነት ተከታትለው ከመጡ እጅግ ይጓተታል። ኮድ ተራን ከጠያቂው ዓይን ለመሰወር የደከመለት ሥርዓት ተራ ወደሚገደው ሥራ በተጠራ ጊዜ መስመሮቹን አስቀድሞ መቀላቀል ግድ ሆነ።

መ) ባለውለታው ውለታ ሲመልስ። ኋላ ላይ መማር በተራው ለሁለቱ ዘርፎች መሣሪያ ሆኗል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2018 የቀረበው ቲ ቪ ኤም የተባለው ተርጓሚ ስሌት በየትኛው አደራደር ቢሠራ እንደሚፈጥን የሚገምተው በተማረ ሞዴል ነው። በዚያው ዓመት ቲም ክራስካና ባልደረቦቹ የመረጃ ቋት ማውጫ በሞዴል ሊተካ እንደሚችል አሳዩ። ሐሳቡ ለመዝገበ ቃላት ተጠቃሚ እንግዳ አይደለም፤ በሀለሐመ ተራ የተደረደረውን መጽሐፍ የለመደ እጅ «ጸሐይ»ን ሲፈልግ ከመጀመሪያው ገጽ አይነሣም፤ ወደ መጨረሻው ተጠግቶ ይከፍታል፣ ከዚያም ጥቂት ገጾችን ወደፊት ወይም ወደኋላ ያገላብጣል። የተማረ ማውጫ ሥራው ይኸው ነው፦ ቦታውን ይገምታል፣ በአቅራቢያው ፈልጎም ያገኛል።

6. በፊደል አንድ፣ በፍቺ ሦስት የሆኑ ቃላት

ከዚህ በላይ የተገለጡትን ጽንሰ ሐሳቦች የተረዳ አንባቢ የሚከተሉትን ቃላት አስቸጋሪነት ለመገንዘብ አይቸገርም።

«ኦፕቲማይዘር»። በመረጃ ቋት ዘርፍ፣ ፓትሪሻ ሴሊንጀርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1979 ካቀረቡት ሥራ ጀምሮ፣ ወደ አንድ መልስ ከሚያደርሱ ብዙ መንገዶች አነስተኛ ወጪ ያለውን የሚመርጥ ክፍል ነው። በፕሮግራም ቋንቋ ዘርፍ ፕሮግራሙን ፍቺውን ሳይለውጥ ይበልጥ በሚፈጥን መልክ የሚጽፍ ክፍል ነው። በማሽን መማር ዘርፍ ደግሞ ስሕተት እንዲቀንስ የሞዴሉን ቁጥሮች የሚለውጥ ዘዴ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ውጤቱን ፈጽሞ እንዳይነኩ የታዘዙ ሲሆኑ ሦስተኛው የተፈጠረው ውጤቱን ለመለወጥ መሆኑ ነው። ሦስቱንም «አሻሻይ» ብንላቸው አንባቢው የመረጃ ቋቱ የተጠየቀውን መልስ «አሻሽሎ» የሚያቀርብ ሊመስለው ይችላል። ይህ ደግሞ የአነጋገር ሳይሆን የእምነት ጉዳይ ነው፤ መልስን የሚለውጥ የመረጃ ቋት ማንም አይፈልግምና።

«ኢንፈረንስ»። ሂንድሊ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሚልነር ደግሞ በ1978 ባቀረቡት ስልት ተርጓሚው እያንዳንዱ ስም ቁጥር ይሁን ወይም ጽሑፍ ከአገባቡ ተነሥቶ በእርግጠኝነት ይደርስበታል። በስታቲስቲክስ ቃሉ ከናሙና ተነሥቶ ስለ ጠቅላላው የሚሰጥ፣ የጥርጣሬው መጠን አብሮ የሚነገር ድምዳሜ ነው። በማሽን መማር ሠራተኞች ዘንድ ደግሞ የሠለጠነውን ሞዴል ለአዲስ ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ማስኬድ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ማረጋገጫ፣ ሁለተኛው ግምት፣ ሦስተኛው አገልግሎት ነው። «ፕሮግራሙ ከኢንፈረንስ በፊት ኢንፈረንስ ያደርጋል» ቢባል ለባለሙያው ትክክለኛ፣ ለሌላው ግን ቅዠት ነው። «ሞዴሉ መልስ ከመስጠቱ በፊት ተርጓሚው ዓይነት ልየታ ያደርጋል» ቢባል ለሁሉም ግልጽ ይሆናል።

«ሞዴል»። ኮድ ቃሉን የተጠቀመበት ሰዎች መረጃ ከመግባቱ በፊት ለሚደነግጉት የአወቃቀር ሥርዓት ነው። በማሽን መማር ግን ሞዴል ከመረጃው በኋላ የሚገኝ የሥልጠና ፍሬ ነው። በአማርኛም ቃሉ ባዶ እጁን አይደለም፤ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን ያውቃል፣ በገጠርም «ሞዴል ገበሬ» ይባላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው «የመረጃ አወቃቀር ሥርዓት» ማለት፣ «ሞዴል»ን ደግሞ ለሠለጠነው ብቻ መተው ይበጃል።

«ኤም ኤል»። ይህ ምኅጻረ ቃል ዛሬ በብዛት የሚቆመው ለማሽን መማር ነው። በፕሮግራም ቋንቋ ጥናት ግን ኤም ኤል በሮቢን ሚልነር መሪነት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኤደንበራ ዩኒቨርሲቲ የተፈጠረ ቋንቋ ስም ነው፤ ፊደላቱም «ስለ ቋንቋ የሚናገር ቋንቋ» የሚለውን ስያሜ ያሳጥራሉ። በአንድ የምርምር ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱም ሊገኙ ስለሚችሉ ተርጓሚው ምኅጻረ ቃሉን ሳይፈታ ማሳለፍ የለበትም።

ነገር ግን ደንቡ ያለ ልዩነት የሚሠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በቀረበው የትራንስፎርመር ሥርዓት ውስጥ «ጥያቄ»፣ «ቁልፍ» እና «ዋጋ» የተባሉት ስያሜዎች በመረጃ ፍለጋ አምሳል የተሰጡ ናቸው። በመረጃ ቋት ጥያቄውና ቁልፉ ወይ ይገጥማሉ ወይ አይገጥሙም፤ በትራንስፎርመር ግን የመግጠማቸው መጠን በቁጥር ይለካል። ልዩነቱ ቢኖርም ምሳሌያዊ አነጋገሩ ሕያው ስለ ሆነና አንባቢውን ስለሚረዳ በአማርኛም እንዳለ ቢጠበቅ መልካም ነው። እንግዲህ መለያው ይህ ነው፦ ተመሳሳይነቱ ታስቦበት ከተደረገ ይጠበቅ፤ በአጋጣሚ ከሆነ ግን ይፈታ።

7. የአጻጻፍ ወጥነት

ከስያሜ ምርጫ ባልተናነሰ የአጻጻፍ ወጥነት ለዚህ መስክ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ለአንባቢ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒዩተሩ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ ለመጀመሪያው ድምፅ ሁለት፣ ለሁለተኛው ድምፅ ራብዑን ጨምሮ ስድስት ፊደላት ስለሚገኙ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል።

ሁለት ሠንጠረዦች በዚህ ቃል ቢጣመሩና አንዱ በፀ፣ ሌላው በጸ የተጻፈ ቢሆን መስመሮቹ አይገናኙም። ከሁሉ የሚከፋው የመረጃ ቋቱ ስሕተት አለ ብሎ አለማስጠንቀቁ ነው፤ ያልተገናኙት መስመሮች ከመልሱ በዝምታ ይጎድላሉ። የማሽን መማር ፕሮግራምም አንዱን ቃል እንደ ብዙ ቃላት ስለሚቆጥረው ስለ እያንዳንዱ የሚያገኘው ምሳሌ ያንሳል። በጥቂት ቋንቋዎች ብዙ ጽሑፍ በተከማቸበት በዚህ ዘመን፣ ያለንን አነስተኛ ጽሑፍ በአጻጻፍ ልዩነት ከፋፍሎ ማቅረብ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ አንድ ስያሜ ሲወሰን ፊደሉም አብሮ ሊወሰን ይገባል።

8. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ሠንጠረዣዊ የመረጃ ቋት፦ መረጃን በሠንጠረዥ መልክ የሚያሳይና ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ በመናገር መልስ የሚያገኝበት ማከማቻ።

የመረጃ አወቃቀር ሥርዓት፦ መረጃ በምን መልክ እንደሚቀመጥና ምን ሊደረግበት እንደሚቻል አስቀድሞ የሚደነግግ ሕግ።

ሞዴል፦ በሥልጠና የተገኙ ቁጥሮችን ይዞ ለአዲስ ጥያቄ መልስ የሚያሰላ ፕሮግራም።

ተርጓሚ፦ ፕሮግራምን በሙሉ አንብቦ ከሥራ በፊት ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ።

አስተርጓሚ፦ የፕሮግራምን ዓረፍተ ነገሮች በደረሱበት እየመለሰ ወዲያው የሚያስፈጽም።

መንገድ መራጭ፦ ለአንድ ጥያቄ ከሚገኙ የፍለጋ መንገዶች አነስተኛ ወጪ ያለውን የሚመርጥ የመረጃ ቋት ክፍል።

ፕሮግራም አፋጣኝ፦ ፍቺውን ሳይለውጥ ፕሮግራሙን ይበልጥ በሚፈጥን መልክ የሚጽፍ የተርጓሚ ክፍል።

ስሕተት ቀናሽ፦ በሥልጠና ጊዜ የሞዴሉን ቁጥሮች የሚያርም ዘዴ።

ዓይነት ልየታ፦ በፕሮግራም ውስጥ ያለን ስም ዓይነት ከአገባቡ ተነሥቶ በእርግጠኝነት ማወቅ።

አውቶማቲክ የለውጥ ስሌት፦ የአንድ ፕሮግራም ውጤት ከመነሻ ቁጥሮቹ ጋር የሚለዋወጥበትን ምጣኔ በሌላ ፕሮግራም ማስላት።

9. ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት ምሳሌዎች የሚያስረዱት፣ የስያሜ ሥራ መነሻ የውጭው ቃል ሳይሆን ጽንሰ ሐሳቡ መሆን እንዳለበት ነው። የውጭው ቃል የራሱ ታሪክና የራሱ አጋጣሚ አለው፤ አንዳንዴም እንደ «አጠናቃሪ» ከሥራው ርቆ የቀረ ስም ነው። ተርጓሚው በመጀመሪያ ቃሉ ከየትኛው ዘርፍ እንደመጣ ይለይ፤ ቀጥሎ ጽንሰ ሐሳቡን ያለ ቃሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመግለጽ ይሞክር፤ መግለጽ ካልቻለ ቃሉን ለመተርጎም ገና አልደረሰም። መግለጽ ከቻለ ግን አማርኛው፣ እንደ ተርጓሚና አስተርጓሚ ሁሉ፣ የሚፈለገውን ልዩነት አስቀድሞ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ካልተገኘም ውሰት ቃልን ለአንድ ፍቺ ብቻ ወስኖ መያዝ አንዱን ቃል ለሦስት ጌቶች ከማሠራት ይሻላል።